የግንቡ ገመና

የማድ ቤቴን ግድግዳ የሸፈነውን አይቪ የሚባል ሐረግ ያወረድኩት በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ገና ጠቅልሎ ሳይወጣ ነው። አወረድኩት ማለቴ እንኳ ራሴን ለማስከበር ነው። የሳብኩት አንዲት ቅርንጫፍ ነበር፤ ጣራው ላይ ወጥታ አሸንዳው ውስጥ ስለገባች እሷን ብቻ ላስወግድ ብዬ። እሷን ተከትላ ጎረቤቷ መጣች፤ ከዚያ ምርጊቱ፣ ከምርጊቱ ጋር ጭቃው፣ ከጭቃው ጋር የበሰበሰው ጭድ። ሌጦ ከበግ ሲገፈፍ እንደሚላቀቀው፣ የበር ስፋት ያለው የግድግዳ ቁራጭ ከነቅጠሉ ተላቆ እግሬ ሥር ተዘረጋ። ማገሩ ገጦ ቀረ። በማገሩና በቋሚው መካከል ዓይናቸውን ያልገለጡ የአይጥ ልጆች ተኝተዋል።

31 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሥር ውሃን እንዴት እንደሚስብ፣ ቅጠል እንዴት እንደሚተነፍስ ጠመኔ እስኪያልቅ ጽፌያለሁ። ጭቃ ቤትን ክረምት ከበጋ በማይረግፍ ቅጠል ብሸፍነው ግድግዳው መቼ ይደርቃል ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ግድግዳውን ሊጠግኑ የመጡት ሽማግሌ ግንበኛ የሠፈራችን ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቲቸር ይሉኛል። ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ ሰደው አወጡና አሸተቱት። «ጥፋቱን በሐረጉ አያላክኩት፤» አሉኝ። «ጭቃ እንደ ሰው ነው ቲቸር፣ ይተነፍሳል። ክረምት የጠጣውን በጋ ካልተፋው ይታመማል። እርስዎ ደግሞ አፉን ዘጉበት።» ከዚያ ሳልጠይቃቸው ወደ ፊት ለፊቱ የድንጋይ ግንብ ሄዱ። እዚያም ያንኑ አይቪ ነው የተከልኩት፤ ከአንድ እናት ተቆርጦ፣ በአንድ ቀን። ቅጠሉን በእጃቸው ገለጥ አድርገው ድንጋዩን በመዶሻቸው እጀታ ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። «ይኼ ጤነኛ ነው፣ ተዉት። ሐረግ ግንብ አያፈርስም። የግንቡን ገመና ነው የሚያወጣው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ግንብ ላይ ስለሚወጣ ተክል የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ የአበባውን ቀለም አልነግረውም፤ መጀመሪያ ግድግዳህ ከምን ተሠራ እለዋለሁ።

ግቢዬ ሳሪስ ነው። ያን ያህል ሰፊ አይደለም፣ አጥሩ ግን እንደ አቅማችን በተለያየ ጊዜ ስለተሠራ ከየዓይነቱ አለው። ፊት ለፊቱ ድንጋይ፣ በቀኝ በኩል ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ብሎኬት፣ በግራ ቆርቆሮ፣ ከኋላ ማድ ቤቱ ራሱ አጥር ሆኖ የጭቃ። በ1997 ዓ.ም. ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ሁለት ዓይነት ተሳቢ ተክል በፕላስቲክ ከረጢት ገዝቼ መጣሁ፤ አንዱ አይቪ፣ ሌላው ሻጩ «ግንብ አልባሽ» ያለኝ ቅጠለ ደቃቅ ተክል። ይኼ ሁለተኛው በሳይንስ ስሙ ፊከስ ፑሚላ የሚባለው፣ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው። የሚገርመው ከዋርካችንና ከሾላችን ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑ ነው፤ ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ያጋልጠዋል። ሁለቱንም በአራቱም አጥር ሥር አዳረስኩ። ሳላስበው ሰፊ ሙከራ ጀመርኩ ማለት ነው፤ ውጤቱን ለማንበብ ሰባት ዓመትና አንድ የወደቀ ግድግዳ ፈጀብኝ።

ቆርቆሮው ቶሎ መልስ ሰጠ። በመጀመሪያው በጋ ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ እጅ አያስነካም ነበር፤ ለጋው ቀንበጥ እንደ ተጠበሰ ጎመን ጠወለገ። ቆርቆሮ የሚጨብጡበት ቀዳዳ የሌለው፣ ቀን የሚነድ፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ግድግዳ ነው። በዚህ በኩል ብዙ የምለው የለኝም።

አንባቢ እዚህ ላይ «ጨበጠ» የምለው በምን እጁ ነው ቢለኝ እውነት አለው። በአማርኛችን ሐረግ የማይገባበት የለም፤ የዘር ሐረግ አለ፣ በሰዋስው ትምህርት ሐረግ አለ፣ የብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ በቀይና በቢጫ እየተጠላለፈ የሚሳለው ጌጥም ስሙ ሐረግ ነው። ሜዳ ላይ ያለውን ሐረግ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተን እናልፈዋለን። አወጣጣቸው ግን እንደ ሰው ጠባይ ይለያያል።

ይኼን አጥርቶ የለየው ቻርልስ ዳርዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ስለሚወጡ ተክሎች ረጅም ጥናት አሳተመ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አሻሽሎ መጽሐፍ አደረገው። የጥናቱ አንዱ ክፍል የተሠራው ታሞ ቤት በዋለበት ጊዜ ነው። በማሰሮ የተተከለ ሆፕ፣ ማለትም ፈረንጆች ቢራቸው ውስጥ እንደ ጌሾ የሚከቱት ሐረግ፣ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ሌት ተቀን ጫፉ ሲዞር ይከታተል ነበር። በሞቃት ቀን አንድ ዙር ለመጨረስ በአማካይ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ እንደሚፈጅበት መዝግቧል። ተክሉ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ በጨለማ ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው ነው። እኔም ይኼን ለተማሪዎቼ በአደንጓሬ አሳያቸው ነበር። በእንጨት ላይ የተጠመጠመውን አደንጓሬ ፈትተን በተቃራኒው አቅጣጫ እንጠመጥመውና በክር እናስረዋለን። ሰኞ ስንመለስ አዲሱ ጫፍ እንደ ድሮው በራሱ አቅጣጫ ዞሮ ይጠብቀናል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ግትር ነው» ያለውን እስካሁን አልረሳሁም።

አደንጓሬ የሚወጣው ሰውነቱን ጠምጥሞ ነው። ወይን፣ ዱባ፣ ቅልና ፓሽን ፍሩት ደግሞ ክር የመሰለ ቀጭን እጅ አላቸው። ያ ክር የሚይዘው ካገኘ በኋላ እንደ ሽቦ ስፕሪንግ ይጠቀለላል፤ ልብ ብሎ ላየው ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣ ንፋስ ሲመጣ እንዳይበጠስ። አዞ ሐረግ በቅጠሉ አንገት ይጠመጠማል። ቀጋና ቡገንቪሊያ እሾሃቸውን እንደ መንጠቆ ጣል አድርገው ይደገፋሉ እንጂ ራሳቸውን ችለው ግድግዳ አይዙም። እነዚህ ሁሉ ሽቦ፣ ገመድ ወይም ዘንግ ካልተሰጣቸው ለስላሳ ግንብ ላይ መውጣት አይችሉም። ስለዚህም ግንቡን አይጎዱትም፤ የሚነኩት ሽቦውን ነው።

አይቪና ግንብ አልባሹ ግን ሽቦ አይፈልጉም። ከግንዳቸው ላይ ደቃቅ ሥሮች አውጥተው በቀጥታ ድንጋዩን ያቅፋሉ። ብዙ ሰው እነዚህ ሥሮች ከግድግዳው ወይም ከዛፉ ምግብ የሚመጥጡ ይመስለዋል፤ አይደለም። ምግብና ውሃ የሚስበው ሥር መሬት ውስጥ ያለው ነው፤ ላይኞቹ ለመያዣ ብቻ ናቸው። በዳርዊን ጊዜ ሥሮቹ ቢጫ ፈሳሽ እንደሚያወጡ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ያ ፈሳሽ እጅግ ደቃቅ በሆኑ ክብ የፕሮቲን ቅንጣቶች የተሞላ መሆኑን አሳዩ። ቅንጣቶቹ በድንጋዩ ቀዳዳ ሁሉ ይገባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይጠነክራሉ። ከዚያ ሥሩ ራሱ ሲደርቅ ጥምዝ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይቆለፋል። ሙጫም መንጠቆም ነው። ማድ ቤቴ ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ስስብ ግድግዳው አብሮ የመጣው ለዚህ ነው፤ ሙጫው ከጭቃው ይበልጥ ጠንካራ ነበር።

አይቪ ሌላም ጠባይ አለው። ለጋ ቅርንጫፉ ከብርሃን ይልቅ ጥላ ወዳለበት ይሄዳል፤ የሚይዘው ነገር ብዙውን ጊዜ ጨለማ ሆኖ ስለሚታየው ነው። ግንብ ላይ ጨለማው ምንድን ነው? ስንጥቅ ነው። ክር የምታህል ጫፍ ትገባለች፣ በዓመቱ እርሳስ ታህላለች፣ በአምስተኛው ዓመት አውራ ጣት። ውስጥ ሆና ስትወፍር ሽብልቅ ትሆናለች። ስንጥቅ የሌለው ግንብ ላይ ግን መግቢያ የላትም፣ ፊቱን ይዛ ትቀራለች። በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድሮ ግንቦችን ለዓመታት ሲያጠኑ ያገኙት ከጋሼ መዶሻ የተለየ አይደለም፤ ጤነኛ ግንብ ላይ አይቪ ቀን ከሙቀት ሌሊት ከቅዝቃዜ እየከለለ ይጠብቀዋል፣ አስቀድሞ የተሰነጠቀውን ግን ያብስበታል።

የእኔ የድንጋይ ግንብ አንድ ስንጥቅ አለው፤ በስተቀኝ ጥግ ከመሠረቱ ሰያፍ ሆኖ የሚወጣ። ጎረቤቶቼ «አይቪው ሰነጠቀው» ብለው ፈርደውበት ነበር። የሳሪስን አፈር የሚያውቅ ግን እንዲህ አይፈርድም። መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ የቆመውን ሁሉ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስንጥቁን የሠራው መረሬው ነው፣ አይቪ የገባው ተከትሎ ነው። ጋሼ ሐረጉን ከዚያ ጥግ አስወግደው፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞልተው፣ የጣራውን ውሃ ከመሠረቱ አራቁልኝ። ዛሬም አይቪ ወደዚያ ጥግ ሲጠጋ እቆርጠዋለሁ።

ዋርካና ሾላ ከግንብ ጋር ያላቸውን ጉዳይ ማየት የፈለገ ጎንደር ይሂድ። ተማሪዎቼን ይዤ የፋሲለደስ መዋኛ ስሄድ፣ የጥምቀት ዕለት ውሃ የሚሞላበት ማለቴ ነው፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ሕንፃው ሳይሆን በዙሪያው ባለው ግንብ ላይ ወደተንጠለጠሉት ሥሮች ነው። የዛፎቹ ሥር በድንጋዩ ላይ እንደ ቀለጠ ሰም ፈስሶ ረግቷል፤ የቱ ድንጋይ የቱ ሥር እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግንብ መጋጠሚያው ስለሚለሰልስ ሥር ይገባዋል። አሁን ዛፉን ነቅለው ቢያወጡት ግንቡ አብሮ ሊወርድ ይችላል፤ ቢተዉት ደግሞ እያደገ ይገፋዋል። አንዱ ተማሪዬ «እሱ ነው የያዘው ወይስ እሱ ነው የሚያፈርሰው?» አለኝ። ሁለቱም፣ አልኩት። መልሱ አላረካውም፤ እኔም አልረካሁም።

ብሎኬቱ ላይ ግንብ አልባሹ ተሳክቶለታል። ያልተለሰነ ብሎኬት ሻካራ ነው፣ ሥር ይወድደዋል፤ ቅጠሉም ድንክዬ ሆኖ ጥፍጥፍ ብሎ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ይተኛል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ቀለም የተቀባ ወይም የተለሰነ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም፤ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል፣ የማይነሳው ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ የሥር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ይህ ተክል ልጅነትና ጎልማሳነት አለው። ግንቡ አናት ላይ ደርሶ ፀሐይ ሲያገኝ ጠባዩ ይለወጣል፤ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ቅርንጫፉ ግንቡን ትቶ ወደ ውጭ እንደ ክንድ ይዘረጋል፣ በለስ የመሰለ ፍሬ ይሰቅላል። ያን ጊዜ ክብደቱ ሌላ ነው። አይቪም እንዲሁ ነው፤ ታች ያለው ቅጠሉ ባለ ጣት ሲሆን ላይ አናቱ ላይ የሚያብበው ቅርንጫፍ ጣት የሌለው ቅጠል ያወጣል፤ ሁለት ተክል ይመስላል። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ መሰላል አውጥቼ አናቱን እመልጠዋለሁ፤ መስከረም ላይ ከዝናቡ በኋላ፣ ሌላ ጊዜ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ጥር መጨረሻ ላይ። እጅጌ ረጅም ልብስና ጓንት ለብሶ ነው፤ የፊከሱም ወተት የአይቪውም ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። የአይቪ ጥቁር ፍሬ ደግሞ መርዝ ስለሆነ ሕፃን ባለበት ቤት ሳያብብ መቁረጥ ነው የሚሻለው።

ብሎኬቱን የምትጋራኝ ጎረቤቴ ለሦስት ዓመት አኩርፋኝ ነበር። «እትዬ፣ እባብ ልታስገቢብን ነው» ትለኝ ነበር በአጥሩ ላይ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው እንጂ እዚህ ሠፈር እባብ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። በአይጡ ግን ተሸንፌያለሁ፤ ማድ ቤቴ ምስክር ነው። ወፍራም ቅጠል መደበቂያ ነው፣ መሰላልም ነው። መፍትሔው ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ግንዱን ማራቆት፣ ጣራና መስኮት ሲደርስ ደግሞ ሁለት ስንዝር አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ይኼን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ጎረቤቴ ስለ እባቡ አላነሳችም። ድንቢጦች ቅጠሉ ውስጥ ጎጆ ሠርተው ጠዋት ጠዋት ሲንጫጩ ግን «የአንቺ ወፎች» ትላቸዋለች።

እህቴ ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምትኖረው። እሷ ዘንድ ስሄድ በቡገንቪሊያዋ እቀናለሁ። አጥሯን አልፎ ወደ መንገዱ እንደ ሐምራዊ ነጠላ ተንጠልጥሏል። ያንኑ ተክል ቆርጬ አዲስ አበባ አመጣሁና ቅጠል በቅጠል ሆኖ ቀረ፤ አበባው የድሬዳዋው ዓይነት ቁጣ የለውም። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነን፣ ድሬዳዋ የዚህ ግማሽ ነው። ቡገንቪሊያ ሙቀት፣ ሙሉ ፀሐይና ትንሽ ጥማት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ እንደ ጎመን ውሃ አጠጣው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ተናድጄ ውሃውን ስተውለት አበበ። ለነገሩ አበባ የምንለው ባለ ቀለሙ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ነጭ ቱቦ ናት። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ፊሊቤር ኮሜርሶን የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1767 ብራዚል ላይ የመርከባቸውን ጉዞ አዛዥ ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪልን ስም ሰጠው። እኔ የምወደው ግን ሦስተኛዋን ሰው ነው፤ የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ የወንድ ልብስ ለብሳ መርከቡ ላይ የገባች ሴት ነበረች፤ ዓለምን እንደዞረች የምትታወቀው የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ስሙ ለአዛዡ ሆነ። ተክሉን ተሸክማ ያወረደችው ማን እንደሆነች መገመት አያቅትም።

ልጄ አሜሪካ ፖርትላንድ ነው የምትኖረው። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ፎቶ ላከችልኝ፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ መጋዝ ይዛ፣ በጫካ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ከዛፎች ላይ አይቪ ይቆርጣሉ። ዛፉን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ከበው ከደረት በታች ያለውን የአይቪ ግንድ በሙሉ ይቆርጡታል፤ ከዚያ በላይ ያለው በራሱ ደርቆ ይቀራል። በኦሪገን ግዛት አይቪ መሸጥም ክልክል ነው። ከአውሮፓ መጥቶ ከግንብ ወደ ጫካ ወረደ፣ የጫካውን መሬት አለበሰው፣ የአገሩን ተክል አፈነ። «እማዬ፣ ያንቺን ነው እየቆረጥኩ ያለሁት» ብላ ጽፋበታለች።

በመጀመሪያ አስቆኝ ነበር፤ ማታ ላይ ግን ሐሳብ ያዘኝ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል እንላለን፤ አይቪ ደግሞ ባገሩም በሰው አገርም ይሰብራል። እኔስ ለምን የአገሬን ሐረግ ትቼ የሰው አገሩን ፍለጋ ከረጢት ይዤ ሄድኩ? የአያቴ አጥር ላይ የነበረው እንዶድ ነው። ዛፍ ይመስለናል እንጂ እንዶድ ሌላ ተደግፎ የሚወጣ ሐረግ ነው። ፍሬውን ወቅጣ ነጠላ ስለምታጥብበት የሳሙና ወጪ አልነበራትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትና እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ያወቁት ከዚሁ ተክል ነው። አያቴ ይኼን አላወቀችም፤ ወፎቹ ፍሬውን እንዳይጨርሱባት ግን ሕፃናትን ትልክ ነበር። እንዶዱን ነቅለው በቦታው ቆርቆሮ የተከሉት አጎቶቼ ናቸው፤ አጥሩ ዘመናዊ ሆነ ተብሎ።

ስለዚህ ማድ ቤቱ ከተጠገነ በኋላ ጠምበለል ተከልኩ። ጠምበለል የደጋ ጫካ ዳር ሐረግ ነው፤ የፈረንጅ ጃስሚን የምንለው ዘመዱ ነው። እንቡጡ ጫፉ ቀላ ይላል፣ ሲፈካ ነጭ ነው፤ ማታ ማታ ሽታው እስከ መኝታ ቤት ይገባል። በሥሩ አይጣበቅም፣ ይጠመጠማል። እሱን ግድግዳው ላይ ማስነካት አልፈለግሁም። ጋሼ በቀርከሃ መሰላል መሰል ነገር ሠርተው፣ እግሩን መሬት ውስጥ ቀብረው፣ ከጭቃው አንድ ክንድ አርቀው አቆሙልኝ። በክፍተቱ ንፋስ ያልፋል፣ ፀሐይም ጠዋት ጠዋት ትገባለች። ምርጊት መቀባት ሲያስፈልግ ቀርከሃውን ከነሐረጉ ዘንበል ማድረግ ይቻላል። ጥግ ላይ ደግሞ አዞ ሐረግ አለኝ፤ አበባው ካለቀ በኋላ የሚያወጣው ላባ የመሰለ ብርማ ፍሬ ከአበባው ይበልጥብኛል። ፈሳሹ ቆዳ ያቆስላልና በባዶ እጅ አይቆረጥም።

አተካከሉን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጉድጓዱ ከግንቡ ሥር ጥግ ድረስ መጠጋት የለበትም። ከመሠረቱ አጠገብ ያለው አፈር የሲሚንቶ ፍርፋሪና ጠጠር ነው፣ የጣራው ክፈፍም ዝናቡን ይከለክለዋል፤ ሐምሌ ላይ እንኳ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ቆፍሮ፣ የወጣውን አፈር ከቆየ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መልሶ፣ ችግኙን ወደ ግንቡ ዘንበል አድርጎ መትከል ነው፤ ሰኔ ዝናቡ ሲይዝ። ክረምቱ ያጠጣልኛል፣ ሥሩ በጋ ሳይመጣ ይወርዳል። የመጀመሪያውን በጋ ግን ሳምንት ሳያልፍ ውሃ ይፈልጋል። ሁለት ዓመት «አላደገም» ብለው ያማርራሉ፤ እኔም አማርሬያለሁ። ሥር እየሠራ ነው። በሦስተኛው ዓመት መቀስ ይዞ መሮጥ ይመጣል።

ማውረድ የፈለገ ደግሞ እንደ እኔ እንዳይስብ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ግንድ ቆርጦ ማውጣትና ትቶት መሄድ ነው። በበጋ ከሆነ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ደቃቃዎቹ ሥሮች ይሰባበራሉ፤ ከወራት በኋላ በትንሽ በትንሹ ሲነሳ ግድግዳውን ይዞ አይመጣም። የቀረውን ምልክት በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ነው። ጉቶው ካልተነቀለ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከማድ ቤቴ ኋላ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሏል።

ባለፈው ኅዳር ጠምበለሉ ከቀርከሃው አልፎ በብሎኬቱ ላይ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ተሻገረ። ያ የኩርፊያ ዘመን ትዝ ብሎኝ ሳይነገረኝ በፊት ልቆርጠው መሰላሉን አቁሜ መቀሱን ይዤ ወጣሁ። እሷ ከዚያ ወገን ልብስ እያሰጣች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ወደ አንቺ የዘለቀውን ላነሳልሽ።»

የልብስ መስጫ ገመዷን በእጇ ያዝ አድርጋ አሳየችኝ። ሦስት ቦታ ተጠምጥሞበታል። ሌላ ገመድ ከበላዩ አስራ ልብሷን እዚያ ላይ ነው የምታሰጣው።

«ተዪው» አለችኝ። «የኔ ወገን ነው።»